ለሶላሩ የተሰፋ ልብስ

አባቴ ይህን ታሪክ ሲያወራ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከጣራው ነው። «ሰፈሩ ሶላር የሚባል ነገር በማያውቅበት ዘመን» ይላል አገጩን ቀና አድርጎ፣ «ለሚስቴ ብዬ ፀሐይን ቤቴ አስገባሁ።» የሰማው ሁሉ በአድናቆት ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ስንት ዓመት ሰማሁት። አሁን ግን ተራው የኔ ነው፤ እኔ ደግሞ የምጀምረው ከወጥ ቤቱ ነው።

ወጥ ቤታችን ጠባብ ነበረች። አንድ መስኮት፣ አንድ የብረት ዕቃ ማጠቢያ፣ ከሱ በላይ አንድ ቧንቧ። በብርድ ወራት ጠዋት ሲከፈት ቧንቧው መጀመሪያ ያስነጥሰዋል፤ ከዚያ የሚወርደው ውሃ አጥንት ይሰብራል። እናቴ እዚያ ቆማ ሰሃን ታጥባለች፣ የሁላችንን ልብስ ታጥባለች፣ የአባቴን ፀጉር ቤት ፎጣዎች ታጥባለች። ምድጃው ቀኑን ሙሉ ድስት ስለማይለየው ለእጅ የሚሆን ውሃ የሚሞቅበት ጊዜ የለም። ሥራው ሲያልቅ እጇን በቀሚሷ አድርቃ ሳሎን ወዳለው የስፌት መኪናዋ ትሄዳለች። ልብስ ሰፊ ነበረች። የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ በእጅ መሥራት የሚችል ሰው ሲፈለግ ሱቆቹ የሚልኩት ወደሷ ነበር። ያንን ሥራ ስትሠራ ፊቷ ላይ የሚታየውን ነገር ሌላ ጊዜ አላየሁባትም።

ጣቶቿ ግን መታመም ጀመሩ። መገጣጠሚያቸው ያብጣል፣ ቆዳቸው ይሰነጠቃል፤ ጠዋት ጠዋት ክር መርፌ ላይ የማስገባው እኔ ሆንኩ። ከመንገዱ ማዶ የምትኖረው ነርስ አንድ ቀን እጇን ይዛ አገላብጣ አየችና «እትዬ፣ እነዚህ ጣቶች ከቀዝቃዛ ውሃ ካልራቁ መርፌ መያዝ ይተዋሉ» አለቻት። ነርሷ ጣራዋ ላይ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ነበራት። እናቴን ወደ ወጥ ቤቷ ወሰደቻትና ቧንቧውን ከፈተችላት። እኔ ቀሚሷን ይዤ ከጎኗ ቆሜያለሁ። እናቴ ሁለት እጇን ውሃው ሥር አድርጋ ቆየች። ስላላወጣችው ያመማት መሰለኝ።

«እማዬ፣ አቃጠለሽ?»

«አይ ሚጣዬ» አለች፣ እጇን ሳታወጣ። «አላቃጠለኝም።»

እንግዲህ «ሰፈሩ በማያውቅበት ዘመን» የሚለው እዚያው ላይ ውሸት ነው። ሶላርን ቤታችን ያስገባችው እናቴ ናት፤ ለዚያውም በገዛ ጣቶቿ ምክንያት።

አባቴ ፀጉር አስተካካይ ነው። በሙያው የሚያማው የለም። ምላጭ ከማስነካቱ በፊት የደንበኛውን አገጭ በሞቀ ውሃ በተነከረ ፎጣ ያለሰልሳል፤ ለዚህ ብቻ የሚሆን ፔርሙዝ ከመስታወቱ ሥር አለው። «ቆዳ በቀዝቃዛ ውሃ አይነካም፣ ይቆጣል» ይለኝ ነበር። ልጅ ሆኜ ሱቁ ጥግ ተቀምጬ ሳየው በዓለም ላይ እንደሱ እጁ የሚራራ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። አሁን ሳስበው ይቅር ያላልኩት ይህንን ነው። አያውቅም ነበር እንዳልል ያውቃል። ስሙን እንኳ የማያውቀውን መንገደኛ አገጭ በሞቀ ውሃ ሲያሽ ኖሯል።

እናቴ ነገሩን ስታነሳለት ሳቀባት። «ፀሐይ ውሃ ታፈላለች ብላ ነው ያቺ ነርስ የምታሞኝሽ?» አላት። ሰነባብቶ አንድ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስለ ሶላር ሲያወራለት ዋለ መሰለኝ፣ ማታ ሲገባ ሐሳቡ የራሱ ሆኖ ነበር። «ስሚማ፣ አንድ ነገር አስቤያለሁ» ብሎ ጀመረ። እናቴ የያዘችውን ሸሚዝ ሳታስቀምጥ «ምን አሰብክ?» አለችው፣ ነገሩን ገና መስማቷ እንደሆነ ሁሉ። እኔ የረሳች መስሎኝ ያ የነርሷ ቤቱ እኮ ነው ልል አፌን ስከፍት በእግሯ ጫማዬን ነካ አደረገችው። ያኔ እናቴ መርሳት ጀምራለች ብዬ አዝኜላታለሁ።

ምርጫው ላይ ታላቅ አጎቴ ገባበት። የአባቴ ወንድም ነው፤ በቤተሰቡ ውስጥ «ኢንጂነሩ» ይባላል። ኢንጂነር ስለሆነ አይደለም፤ በወጣትነቱ የሞተ ሬዲዮ በጥፊ መትቶ አስነስቶ ነበር ይባላል። ከዚያ ወዲህ ሽቦ፣ ቧንቧ ወይም ብሎን ያለበት ነገር ያለሱ ቃል ቤታችን አይገባም። ሶላር ወደሚሸጥበት ሱቅ አራት ሆነን ሄድን፤ ኢንጂነሩና አባቴ ከፊት፣ እናቴና እኔ ከኋላ።

ሱቁ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቆሞ ነበር። አንዱ ጥቁር ጠፍጣፋ ሳጥን ነው፣ ፊቱ በመስታወት የተሸፈነ። ሌላው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ የመስታወት ቱቦዎች አሉት፤ ከላያቸው ሆዳም ታንከር ተጋድሟል። ሻጩ አንዱን ቱቦ በጥፍሩ ቆረቆረና መሃሉ ያለው አየር አልባ ባዶ ቦታ ሙቀቱን እንዴት ይዞ እንደሚያቆይ አስረዳ። እናቴ ሁለቱንም በእጇ ነካክታ አየች።

«ደመና በሆነ ቀንስ ያሞቃል?» ብላ ጠየቀች።

«እንደ ደመናው ነው ጋሼ» አለ ሻጩ፣ ለአባቴ።

«ወጥ ቤት ድረስስ መስመር ይሄዳል?»

«መስመሩን ጋሼ ወደፈቀዱት እንወስደዋለን» አለ፣ አሁንም ለአባቴ።

እኔ ሻጩ ዓይኑ ሸውራራ መስሎኝ ነበር። እናቴ ትጠይቃለች፣ እሱ አባቴን እያየ ይመልሳል፤ እንደዚህ ያለ ሰው እንዴት መንገድ ይሻገራል ብዬ ተጨነቅኩለት። እናቴ ጠፍጣፋውን ብንወስድ አለች፤ መስታወቱ አንድ ስለሆነ አይሰበርም፣ ቢቆሽሽም በአንድ ጊዜ ይወለወላል። ኢንጂነሩ ቱቦውን መታ መታ አደረገና «ይሄ ነው ዘመናዊው» አለ። ቱቦ ያለው ተገዛ። ከመንገድ ሲታይ እንደሚያምር አባቴ አስቀድሞ አስቦበታል፤ ጣራችን ከመንገድ ይታያል።

የተከላው ቀን ግቢያችን ገበያ መሰለ። ቧንቧ ሠራተኛው ቀጭን፣ ለፍላፊ ሰው ነበር፤ ጣራ ላይ ሆኖ እንኳ አፉ አይዘጋም። ኢንጂነሩ ግቢው መሃል ቆሞ ጣቱን በምራቁ አርሶ ወደ ሰማይ ቀሰረና «ወደዚያ ይዙር» አለ። እርጥብ ጣት የንፋስ አቅጣጫ እንደሚያሳይ፣ ፀሐይን ግን እንደማያውቃት የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ሠራተኛው «እሺ ጋሼ» አለና ቀድሞ ባሰበበት አቅጣጫ አስቀመጠው። ቱቦዎቹን ሲገጥም በሸራ ሸፈናቸው። ለምን ብዬ ብጮህለት ከላይ መለሰልኝ።

«ይሄ እንደ ሕፃን ነው የኔ እመቤት። ፀሐይ ሲበዛበት ይሸፈናል። ባዶውን ግሎ ቀዝቃዛ ውሃ ከገባበት ጧ ይላል።»

ይህ እንደ ሕፃን ነው የሚለው ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። የሆነውን ሁሉ ገልብጬ ያየሁት በዚያ ቃል ነው።

ውሃው ወደ ቤት የሚገባበት ሰዓት ሲደርስ እናቴ እጇ እርጥብ እንደሆነ ከወጥ ቤት ወጣች። «መስመሩ ወጥ ቤትም ይገባል አይደል?» አለች። ሠራተኛው ከመሰላሉ ወርዶ ግድግዳውን በመዶሻው እጀታ ነካ ነካ አደረገ። «መታጠቢያ ቤቱና ወጥ ቤቱ ግድግዳቸው አንድ ነው። እዚህ ጋ በስቶ ማሳለፍ ነው። ምሳ ሳይደርስ ያልቃል።»

«ግፊቱ ይከፈላል» አለ ኢንጂነሩ። «ሁለት ቦታ ከሄደ ሻወሩ ሞተ ማለት ነው።»

ሠራተኛው አፉን ከፈተ፣ አባቴን አየ፣ መልሶ ዘጋው። 

«በኋላ ይታያል» አለ አባቴ። «ደግሞ ምድጃ አላት።»

በኋላ ይታያል። ይህን ቃል እጠላዋለሁ። አይሆንም ማለት ነውር ሲመስላቸው የሚሉት ነው። ሠራተኛው የመስመሩን ጫፍ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ደፈነው፤ በሳምንቱ ደግሞ አባቴ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ነጭ ሴራሚክ አስለጠፈው። የሚያብረቀርቅ ሻወርም ተገጠመ። እናቴ ገብታ አየችና «ያምራል» አለች፤ ከዚያ ወጥታ ሰሃኗን አጠበች።

ሻወሩ ዝና አተረፈ። አባቴ ፀጉራቸውን የሚያስተካክላቸውን ትልልቅ ሰዎች እሁድ እሁድ ይጋብዛቸው ጀመር። እየመጡ በሙቅ ውሃ ይታጠባሉ፤ ቀይ ሆነው፣ እንፋሎት እየወጣላቸው ሳሎን ይቀመጣሉ፤ አባቴም ስለ ፀሐይ ንግግር ያደርጋል። የታጠቡበትን ፎጣ ማን በምን ውሃ እንደሚያጥበው የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። እናቴ መጀመሪያ አካባቢ ከሻወሩ በባልዲ እየቀዳች ወደ ወጥ ቤት ትወስድ ነበር። ኢንጂነሩ አያትና «ታንከሩን እያራቆትሽው እኮ ነው» አለ። አባቴም እንግዳ ሲመጣ ውሃው እንዳያልቅ ብሎ ባልዲውን ከለከላት።

እኔም ጠየቅኩት። «አባዬ፣ እማዬ ለምን በሙቁ አታጥብም?»

«እናትሽ ቀዝቃዛውን ለምዳዋለች፤ ሙቅ አይስማማትም» አለኝ።

አመንኩት። ትምህርት ቤት ሄጄ እናቴ ሙቅ ውሃ እንደማይስማማት ተናገርኩ፤ ኩራት ቢጤ ነበረው። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይላሉ። አንዱ በሙቁ ቧንቧ፣ ሌላዋ በቀዝቃዛው እንደሚቀዱ ግን ተረቱ አልጨመረበትም።

ከዚያ እናቴ የሳሎኑን አሮጌ መጋረጃ አወረደች። አረንጓዴ ነው፣ ወፍራም፣ ዳርና ዳሩ በወርቃማ ክር የተዘመዘመ። ያ መጋረጃ ሲወርድ ለኔ ቀሚስ እንደሚሆን ሙሉ እምነት ነበረኝ። እሷ ግን ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ መሰላሉን ይዛ ጣራ ላይ ወጣች። ከታች ሆኜ አያታለሁ። ሶላሩን ትከሻው ሳይቀር እንደ ደንበኛ ለካችው። ወርዳ ቆረጠች፣ ሰፋች፤ ዳሩን አጠፈች፤ ታንከሩ አንገት ላይ የሚያያዝበት ማሰሪያ አበጀችለት፤ ከጎንና ከጎኑ ቁልፍ አደረገችለት። የቁልፎቹን ቀዳዳ በእጇ ሠራች። ጣቷ ሲደማ አፏ ውስጥ ታደርገዋለች፣ ከዚያ ትቀጥላለች።

ቀናሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀንቼ አላውቅም። ሕፃን ነው ብሏል ሰውየው፤ እናቴም ያንን ሆዳም ሕፃን ከኔ አስበልጣ ወደደችው። ጠዋት አባቴ ወደ ሱቁ ሲሄድ ትወጣና ልብሱን ታለብሰዋለች፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ትቆልፍለታለች። አንዳንዴም ወዲያው አትወርድም፤ አጠገቡ ተቀምጣ ሰፈሩን ትመለከታለች። ከመንገድ ያየው ሁሉ አቧራ እንዳይነካው ነው ብሎ ያልፋል። አባቴ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ ወጥታ ታወልቅለታለች። ልብሱን አጣጥፋ የስፌት መኪናዋ ሥር ስታስቀምጠው በመዳፏ ዳበስ ታደርገዋለች። እኔ ከዚህ የበለጠ ፍቅር የት ልይ? ተደብቄ አልቅሻለሁ።

ፀሐይ የማያየው ሶላር ውሃ አያሞቅም። ይህን ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም፤ ልጅ አለመሆን ብቻ ይበቃል። እናቴ መስመሩ ወጥ ቤት እስኪገባ ድረስ በዚህ ቤት ማንም ሙቅ ውሃ እንዳይነካ ወስና ነበር። አፏን ብትከፍት ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ እንደሚሆንባት ስላወቀች ያወቀችበትን ሙያ ተጠቀመች። ሰፋችበት።

መጀመሪያ የተመታው ዳኛው ነው። ዳኛው የአባቴ ትልቁ ደንበኛ ነበር፤ ድምፁ ወፍራም፣ ጢሙ ደግሞ በሳምንት በሳምንት የሚስተካከል። እሁድ ጠዋት ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ገባ። ከአፍታ በኋላ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው የሚታረድ መሰለ። በሩ ተበርግዶ ዳኛው በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ሳሙና ጢሙ ላይ እንዳለ ብቅ አለና ፍርዱን ሰጠ። «ይሄ ውሃ ማሞቂያ አይደለም። ሰው ማቀዝቀዣ ነው።»

አባቴ የሚገባበት ጠፋው። ወጥ ቤት ውስጥ እናቴን ሳል ያዛት፤ አፏን በፎጣ ይዛ ትንፈቀፈቃለች። ውሃ በብርጭቆ ይዤላት ሮጥኩ፤ ጀርባዋን መታ መታ አደረግኩላት። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ሳል አልነበረም፤ ሳቅ ነው።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ያው ሆነ። አባቴ ጥፋቱን ቧንቧ ሠራተኛው ላይ ጣለው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። መንገድ ላይ አስቁሞት ሰው በተሰበሰበበት ሌባ ማለት ብቻ ቀረው። ሠራተኛው በነጋታው መጣ፤ ያን ቀን ሶላሩ ልብሱን አልለበሰም፣ ውሃውም እጅ ያቃጥል ነበር። ሠራተኛው ተገረመ፤ ደርሶ ሄደ፤ እንደገና ተጠራ፤ እንደገና ተገረመ። ኢንጂነሩ የፀሐይዋ አቅጣጫ ሳይቀየር እንዳልቀረ ተናገረ። እኔ በበኩሌ ሕፃኑ እንግዳ ሲመጣ እንደሚያፍር ደምድሜ ነበር።

እናቴ ለሠራተኛው ወንበር አወጣችለት፤ የሚጠጣ ሰጠችው። ማንም የማይሰማ መስሏት «ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ» አለችው። ስለ አባቴ ጩኸት ይቅርታ የጠየቀችው መስሎኝ ነበር። ሠራተኛው ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ደረቷ ላይ የተሰካውን መርፌና የጣቶቿን እብጠት አየ። የሚጠጣውን ጨርሶ ሄደ። ምን እንደገባው አላውቅም፤ ለአባቴ ግን ምንም አልነገረውም።

የያዛት ኢንጂነሩ ነው። አንድ ቀን በቀትር «ራሴ አረጋግጣለሁ» ብሎ ሳይነግራት መጣና ተንጠላጥሎ ወጣ። ከጣራው ላይ ሳቅ ይሁን ቁጣ ያልለየለት ድምፅ ሰማን። ልጅ ልኮ አባቴን ከሱቁ አስጠራው። አባቴ የሥራ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ፣ የደንበኛ ፀጉር ደረቱ ላይ እንደተበተነ ደረሰ። ኢንጂነሩ አረንጓዴውን ልብስ ከላይ ወረወረለት። አባቴ ግቢው መሃል ዘረጋው። ማሰሪያውን አየ፣ ቁልፎቹን አየ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ልብስ ነው» አለች እናቴ።

«የማን ልብስ?»

«የሶላርህ።»

ጎረቤት በአጥር ላይ ብቅ ብቅ አለ። አባቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ያለ ድምፁን ከጩኸቱ ይበልጥ እፈራው ነበር። «በሰው ፊት ስታዋርጂኝ የነበርሽው አንቺ ነሽ?»

«አንድ መስመር ነው የጠየቅኩህ። ከዚያ ግድግዳ ወዲህ። መስመሩ ሲገባ አወልቅለታለሁ።»

«ሴራሚኩን ላፍርስልሽ?»

«አዎ። አፍርሰው።»

«ግፊቱ እኮ...» አለ ኢንጂነሩ ከመሰላሉ እየወረደ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ስለ ግፊት አይንገሩኝ» አለችው። በሕይወቷ እንዲህ መልሳለት አታውቅም። ከዚያ ሁለት እጇን አባቴ ፊት ዘረጋች። የተሰነጠቀው፣ ያበጠው፣ ቁልፍ ቀዳዳ ሲሠራ የደማው ጣት ሁሉ ፊቱ ላይ ነበር። የሰው ቆዳ ለማየት ከሱ የተሻለ ዓይን ያለው ሰው በሰፈሩ አልነበረም።

አየ። እምላለሁ፣ አይቷል። ከዚያ ዓይኑን ወደ አጥሩ፣ ወደ ጎረቤቶቹ መለሰ። «አመድ አፋሽ አደረግሽኝ» አለ። «ለአንቺ ብዬ ባስገባሁት።»

እኔ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሕፃኑን ልብሱን ገፈፉት፤ እናቴም ልትለየው ነው። ቅናቴን ረስቼ ልብሱን ከአባቴ እጅ ለመንጠቅ ተንጠለጠልኩ። «መልስለት! ይበርደዋል እኮ!» ብዬ ጮህኩ። ኢንጂነሩ ሳቀ። ጎረቤቶቹ ሳቁ። አባቴም ሳቀ፤ ሳቁ ጠቀመው፣ ነገሩ ቀልድ ሆኖ አለቀለት። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። ዘርግታው የነበረውን እጇን ቀስ ብላ ሰብስባ ወጥ ቤት ገባች።

አባቴ መሰላሉን ወደ ፀጉር ቤቱ ወስዶ ጓሮ ውስጥ በሰንሰለት አሰረው። አንድ መስመር ከማስገባት መሰላል ማሰር ቀለለው። እሁዶቹ ተመለሱ፤ ዳኛውም ተመለሰ። እናቴ ሌላ ነገር አልሞከረችም። ከሱቆቹ የሚላከው ሸሚዝ መጀመሪያ ቀነሰ፣ ቀጥሎ ቀረ። የስፌት መኪናው ላይ የአበባ ማስቀመጫ ተደረገበት። ሥራ ይዤ የራሴን ደመወዝ ስቆጥር መጀመሪያ ያልኳት «እማዬ፣ መስመሩን ላስገባልሽ» ነበር። ጣቶቿን አየቻቸው፤ ያኔ እንደ ደረቀ ሥር ተጣመው ነበር። «አሁን? ምን ልሰፋበት?» አለችኝ። «ተይው።»

ተውኩት። እናቴ ከነቀዝቃዛ ውሃዋ ሞተች። ለቅሶ በመጣው ሰው ፊት አባቴ እያለቀሰ ፀሐይን እንዴት ለሚስቱ ቤቱ እንዳስገባ ተናገረ። ማልቀሱ የምር ነበር፤ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው። ያመነውን ነው የሚናገረው።

ዘንድሮ ያ አሮጌ ታንከር ዝጎ ሆዱ ተቀደደ። አባቴ ዛሬ ሽማግሌ ነው፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ምላጭ ከጨበጠም ቆይቷል። «አዲስ አስገቢልኝ» አለኝ፣ «ቱቦ ያለውን።» ሱቅ ይዤው ሄድኩ። ሻጩ ገና ወጣት ነው፤ ስለ ታንከሩ እጠይቀዋለሁ፣ እሱ ለአባቴ ይመልሳል። «ወንድሜ፣ የምጠይቅህ እኔ ነኝ፤ እኔን እያየህ መልስ» አልኩት። ደነገጠ። ጠፍጣፋውን ገዛሁ። አባቴ አኮረፈ።

ሠራተኛው ጣራውን ጨርሶ ሲወርድ «መስመሩ የት የት ይግባ እትዬ?» አለኝ።

«ወጥ ቤት።»

«ሻወሩስ?»

«ወጥ ቤት ብቻ።»

አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይሰማል። «ወጥ ቤት ማን አለና?» አለ።

ይህን ሲል ምንም ተንኮል አልነበረውም። ለዚህ ነው አጥንቴ ድረስ የገባው። «አሁንማ ማንም የለም» አልኩት። «ሙቅ ውሃ የፈለገ ወጥ ቤት ገብቶ ይታጠባል።» ሠራተኛው ወደኔም ወደሱም ሳያይ ድሪሉን አነሳ። ነጩ ሴራሚክ ተሰነጠቀ፤ አቧራው ቤቱን ሞላው። ሠራተኛው ማለዳ እንደጀመረ ምሳ ሳይደርስ መስመሩን ጨረሰ፤ የተረፈውን ሊያጠቃልል ከሰዓትም ቆየ።

ከሰዓት አባቴ እጁን ሊታጠብ ወጥ ቤት ገባ። የት እንደሚቆም እንኳ አላወቀም፤ በመስኮቱና በምድጃው መሃል ተወላግዶ ቆመ። ሙቁን ከፈትኩለት። ሳሙናውን ሰጠሁት። ውሃው እጁ ላይ ሲወርድ ትከሻው ረገብ አለ፤ ዓይኑን ጨፈነ።

ወዲያው ከግድግዳው ውስጥ ፏ የሚል ድምፅ መጣ። ዓይኑን ገለጠ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሻወሩ ነው። ሠራተኛው ቀዝቃዛውን መስመር ሊያጥበው ከፍቶታል።»

«እዚህ ድረስ ይሰማል?»

«ግድግዳው አንድ ነው።»

ሠራተኛው ብቻውን የቀረ መስሎት ዘፈን ጀመረ። ለዘፈን የሚሆን ድምፅ አልነበረውም፣ ግን ቃሉ አንድ በአንድ ይሰማል፤ ጉሮሮውን ሲያጠራ እንኳ ተሰማን። አባቴ ሳሙናውን እንደያዘ ግድግዳውን እያየ አዳመጠ። 

«እኔም እኮ እዘፍን ነበር» አለ። «እዚያ ውስጥ ሆኜ።»

«አውቃለሁ።»

«ትሰማኝ ነበር?»

«እዚህ ቆማ ነዋ የምታጥበው አባዬ። የት ትሂድ?»

ሙቁን ቧንቧ ዘጋው። ሳሙናው እጁ ላይ እንዳለ ቆመ፤ ማዶ ያለው ሰው ዘፈኑን ቀጥሏል። ያሳዝነኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ አላሳዘነኝም።

«ሳሙናው አልለቀቀም» አልኩት፤ ቀዝቃዛውን ከፈትኩለት።

እጁን አላሸሸም።